ከቢቱ ያጠረ ባክፕሌን፦ የኢተርኔት ሲግናል በሃብ ውስጥ

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ሰው "ጊዜው አልፏል" ብሎ የተወው ዕቃ ነው፤ ሃብ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ፣ በአንዱ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) የገባውን ለሌሎቹ ሁሉ የሚያወጣ ሳጥን። አዲስ ኔትወርክ ሲዘረጋ ሃብ የሚገዛ የለም፤ ለሚመለከተው ፖርት ብቻ የሚያሳልፈው ስዊች ቦታውን ከያዘው ቆይቷል። እኔ ግን ኔትወርክ የሚማር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሃብን እንዲረዳ እፈልጋለሁ። ስዊች ብዙ ነገር ከዓይን ይሰውራል። ሃብ ውስጥ ግን ኢተርኔት፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በኬብል የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኤሌክትሪክ መሆኑ ፍንትው ብሎ ይታያል።

በመማሪያ ስዕሎች ላይ ሃብ ሲሳል አንድ ሳጥን፣ በሳጥኑ መሃል አንድ ወፍራም መስመር፣ ከመስመሩ ወደየፖርቱ የሚወርዱ ቀስቶች ይታያሉ። ያ ወፍራም መስመር ባክፕሌኑ፣ ማለትም ፖርቶቹ ሁሉ የሚጋሩት የሃቡ የውስጥ መስመር ነው። ተማሪው ስዕሉን ሲያይ ሲግናሉ በፖርት 1 ገብቶ፣ መስመሩን ተከትሎ፣ መጀመሪያ ፖርት 2ን፣ ቀጥሎ ፖርት 3ን እያለ የሚያዳርስ ይመስለዋል። ይህ ምስል ለምን እንደሚያሳስት ማሳየት እፈልጋለሁ። በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት በሚሠራ ሃብ ውስጥ ሲግናል በባክፕሌን ላይ ይጓዛል ለማለት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ባክፕሌኑ ከቢቱ እጅግ ያጥራል።

በቁጥር እንየው። በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቢት የሚላክ ከሆነ ለአንድ ቢት የሚደርሰው 100 ናኖ ሴኮንድ ነው። በተለመደው የሰርኪት ቦርድ ላይ ሲግናል በ1 ናኖ ሴኮንድ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የብርሃን ፍጥነት ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ በ100 ናኖ ሴኮንድ 15 ሜትር ይሄዳል። አንድ ቢት ቦርድ ላይ ተዘርግቶ ቢለካ ርዝመቱ 15 ሜትር ነው ማለት ነው። የባክፕሌን ርዝመትስ? ፖርቶችን የያዙ ካርዶች የሚሰኩበት ትልቅ ሃብ እንኳ ቢሆን ግማሽ ሜትር እንበል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ከ3 ናኖ ሴኮንድ ትንሽ ከፍ ያለ ጊዜ ይበቃል። የቢቱ ፊት ባክፕሌኑን ጨርሶ ሲወጣ፣ ከቢቱ 97 በመቶ የሚሆነው ገና ከምንጩ አልተነሳም። ባክፕሌኑ ላይ የተሰኩት ካርዶች በሙሉ አንዱን ቢት በአንድ ጊዜ እያዩት ነው። ቀዳሚና ተከታይ ፖርት የሚባል ነገር የለም።

ይህን ከኢተርኔት አመጣጥ ጋር ስታስተያዩት ይበልጥ ይገርማል። ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ሮበርት ሜትካፍ እና ባልደረባው ዴቪድ ቦግስ ሲጀምሩት፣ ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ረጅም ኮአክሲያል ኬብል ላይ ይንጠለጠል ነበር። ኋላ በመጣው በወፍራሙ ኬብል፣ በ10ቤዝ-5፣ አንድ ሴግመንት (አንድ የኬብል ክፍል) እስከ 500 ሜትር ይረዝማል። በዚያ ኬብል ውስጥ ሲግናል በብርሃን ፍጥነት 77 በመቶ ስለሚሄድ አንድ ቢት 23 ሜትር ገደማ ይይዛል። 500 ሜትሩ ኬብል በአንድ ቅጽበት ከ20 በላይ ቢቶችን ተሸክሟል ማለት ነው። እዚያ ጉዞ አለ። በአንዱ ጫፍ ያለው ኮምፒውተር የሚሰማውን ቢት በሌላው ጫፍ ያለው ቀደም ብሎ ሰምቶት ጨርሷል። በ1990 የ10ቤዝ-ቲ ደንብ ሲወጣ ያ ረጅም ኬብል ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ከየኮምፒውተሩ እስከ ሳጥኑ ደግሞ እስከ 100 ሜትር የሚደርስ የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ተዘረጋ። 20 ቢት ይይዝ የነበረው የጋራ መስመር የቢት 3 በመቶ ያህል ብቻ የሚይዝ ሆነ። የሃብ ጠባይ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ታዲያ ባክፕሌኑ ላይ የሚወጣው ምንድን ነው? ከኬብሉ የመጣው ሲግናል እንዳለ የሚወጣ የሚመስለው ብዙ ነው። ከፖርቱ እንነሳ።

በላኪው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የኔትወርክ ካርድ በጥንዱ ሽቦ ላይ የሚያወጣው ከ2.2 እስከ 2.8 ቮልት የሚደርስ የልዩነት ቮልቴጅ፣ ማለትም በሁለቱ ሽቦዎች መካከል የሚለካ ቮልቴጅ ነው። 100 ሜትር ተጉዞ ሃቡ ዘንድ ሲደርስ ደክሟል፤ ከመድከሙ በላይ ደግሞ ቅርጹ ተበላሽቷል፤ ምክንያቱም ኬብል ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ከዝቅተኛው ይልቅ ያደክማል። መጀመሪያ የሚያገኘው ትንሽ ትራንስፎርመር ነው፤ የሃቡን ሰርኪት ከውጭው ሽቦ በኤሌክትሪክ ይነጥለዋል። ቀጥሎ አጣሪው ክፍል አለ፤ በመቶዎች ሚሊ ቮልት ከሚለካ ገደብ በታች የሆነውን ሁሉ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አያሳልፍም። ከዚህ ያለፈው ሲግናል በማንቸስተር ኮድ የተጻፈ ነው። በእያንዳንዱ ቢት መሃል ቮልቴጁ የግድ ይለወጣል፤ ወደ ላይ ከወጣ 1፣ ወደ ታች ከወረደ 0 ነው። ተቀባዩ ቺፕ እነዚህን ለውጦች እየተከተለ የላኪውን የክሎክ ምት ራሱ ያወጣዋል።

ይህ መከተል ግን ወዲያው አይሳካም፤ ጥቂት ቢት ይፈጃል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ የኢተርኔት ፍሬም (በአንድ ጊዜ የሚላክ የዳታ ጥቅል) ከፊቱ ፕሪአምብል የሚያስቀድመው፤ 7 ባይት ሙሉ 1 እና 0 እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ከዚያ በሁለት 1 የሚያበቃ ባይት ሲመጣ ተቀባዩ ፍሬሙ መጀመሩን ያውቃል። ቺፑ ምቱን እስኪይዝ የመጀመሪያዎቹ ቢቶች ይጠፋሉ፤ ቢጠፉም ፕሪአምብል ስለሆኑ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው መንገዱ ላይ ብዙ ሃብ ካለ ነው፤ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ቢበላ መጨረሻ ላይ ፕሪአምብል የሚባል ነገር አይቀርም። ስለዚህ ደንቡ ሃቡን ሙሉ 56 ቢት ፕሪአምብል እንደ አዲስ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ሃቡ የራሱን ፕሪአምብል እያወጣ ሳለ እውነተኛው ዳታ እየደረሰ ነው። ያ ዳታ ወረፋ የሚይዝባት ትንሽ ማቆያ ሰርኪት ውስጥ አለች፤ ቀድሞ የገባ ቢት ቀድሞ ይወጣል።

ይህቺ ማቆያ ሌላም ሥራ አላት። የላኪው ክሎክና የሃቡ ክሎክ ፍጹም እኩል አይሄዱም። ደንቡ ለእያንዳንዳቸው ከትክክለኛው ምት 0.01 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዲያፈነግጡ ይፈቅዳል። አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዝግተኛ ከሆነ ልዩነታቸው 0.02 በመቶ ይደርሳል። ትልቁ ፍሬም 1518 ባይት ነው፤ ይህም 12,144 ቢት ይሆናል። የዚህ 0.02 በመቶ ከ2 ቢት ተኩል አያልፍም። ሁለት የማይተዋወቁ ክሎኮች አንድ ሙሉ ፍሬም እስኪያልፍ ድረስ በመካከላቸው የሚፈጠረውን ልዩነት ጥቂት ቢት የምትይዝ ማቆያ ትሸከመዋለች። ፍሬሙ ሲያልቅ ሂሳቡ ተዘግቶ ለቀጣዩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ፍሬም የርዝመት ጣሪያ ባይኖረው ኖሮ ይህ ዘዴ አይሠራም ነበር። እኔ ከሃብ ሥራ ሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ባክፕሌኑ እንውጣ። እዚህ ስንደርስ ማንቸስተሩ ተፈትቷል። ካርዶች በሚሰኩባቸውና አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው በሚያያዙ ሃቦች ውስጥ ባክፕሌኑ ላይ በአብዛኛው የሚታዩት ተራ የዲጂታል መስመሮች ናቸው፤ አንድ የዳታ መስመር፣ አንድ የክሎክ መስመር፣ "እኔ ጋ የሚናገር አለ" የሚል የእንቅስቃሴ መስመር፣ እና የግጭት መስመር። እያንዳንዱ ካርድ ከዳታውና ከክሎኩ ቢቱን አንብቦ፣ በራሱ ፖርቶች በኩል እንደገና በማንቸስተር ጽፎ በአዲስ ጉልበት ያወጣዋል። ለዚህም ነው ከሃብ የሚወጣው ሲግናል ከገባው ይልቅ የጠራ የሚሆነው።

የግጭቱ መስመር አሠራር ቆም ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰዎች አንዱን ገመድ እንደያዙ አስቡ፤ ማንም ሳብ ቢያደርገው ሁሉም ይሰማዋል፤ ማን እንደሳበው ማወቅ አያስፈልግም። መስመሩ ሥራ ሲፈታ በሬዚስተር ከፍ ብሎ ይቆያል። ግጭት ያየ ማንኛውም ካርድ ወደ ታች ይስበዋል። ሁለት ወይም አምስት ካርዶች በአንድ ጊዜ ቢስቡት ውጤቱ ያው አንድ ነው፤ እርስ በርስ አይጣሉም። መልእክት ተጽፎ አይላክም፤ የሚጠበቅ መልስ የለም። በጥቂት ናኖ ሴኮንድ ውስጥ መላው ሃብ ግጭት መኖሩን ያውቃል። ይህ የሚሆነው ባክፕሌኑ ከቢቱ እጅግ ስላጠረ ነው፤ 500 ሜትር ቢሆን ኖሮ አንዱ ጫፍ ሲያውቅ ሌላው ገና ሳያውቅ ሌላ ሥራ ይጀምር ነበር።

ግጭት ራሱ በሃብ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነም ግልጽ ይሁን። በኮአክሲያል ኬብል ላይ ሁለት ሲግናሎች ተደራርበው ቮልቴጁ ይናጋ ነበር። በተጠማዘዘው ሽቦ ግን መላኪያውና መቀበያው ጥንድ የተለያዩ ስለሆኑ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ሽቦው ላይ የሚደራረብ ነገር የለም። ግጭቱን የሚፈርደው ሃቡ ነው፤ ከሁለት ፖርቶች በአንድ ጊዜ ሲግናል ከመጣ ግጭት ነው ይላል። ወዲያው ዳታውን ትቶ ቢያንስ 96 ቢት የሚሆን የማወኪያ ምልክት በሁሉም ፖርት ያወጣል። ላኪዎቹ ይህን ሲሰሙ አቁመው፣ እያንዳንዳቸው በዕጣ የወጣላቸውን ያህል ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። ከ16 ሙከራ በኋላ ካልተሳካ የላኪው ኮምፒውተር ካርድ ፍሬሙን ይጥለዋል።

እዚህ ላይ ደንቡን የጻፉት ሰዎች ጥንቃቄ ይታያል። ከተጋጩት ፖርቶች አንዱ ዝም ብሎ ሌላው ብቻ መናገሩን ከቀጠለ ሃቡ ምን ያድርግ? ለሁሉም ማወክ ይቀጥል? አይቀጥልም። ገና ወደሚናገረው ፖርት መላኩን አቁሞ ለሌሎቹ ብቻ ማወኪያውን ይልካል። ያኛው ወገን ሌላ ሃብ ሊሆን ይችላላ! ሁለት ሃቦች ተያይዘው፣ እያንዳንዱ የሌላውን ማወኪያ እንደ አዲስ ግጭት ቆጥሮ ቢመልስ፣ ሁለቱም እስከ ዘላለም እየተዋወኩ በቀሩ ነበር። አንድ ፖርት ብቻ ሲቀር ዝም የማለት ሕግ ይህን ቋጠሮ ይፈታዋል።

ሃቡ በዚህ ሁሉ መሃል አድራሻ አያይም። ፍሬሙ ለማን እንደሆነ የሚያውቁት በየኮምፒውተሩ ያሉት ካርዶች ናቸው፤ ሃቡ ለሁሉም ያወጣል፣ የማይመለከተው ይተወዋል። ሁሉንም እንዲቀበል የተዘጋጀ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ የጎረቤቱን ሁሉ ማንበብ ይችላል። አንዳንድ የሚተዳደሩ ሃቦች ይህን ለመከላከል የተቀባዩን አድራሻ ባክፕሌኑ ላይ ሲያልፍ አንብበው፣ ለማይመለከታቸው ፖርቶች ትርጉም የለሽ ቢቶች ያወጡ ነበር። ጥሩ መላ ነው፤ ግን የመስመሩን ጊዜ አላዳነም፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ያው ዝም ማለት አለባቸው።

ወደ ጊዜ ሂሳብ ልምጣ፤ ኔትወርክ የዘረጉ ሁሉ "ከ4 ሃብ በላይ በተከታታይ አታያይዙ" የሚለውን ያውቁታል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ላኪው ግጭት መፈጠሩን መስማት ያለበት ገና እየላከ ሳለ ነው። ትንሹ ፍሬም 64 ባይት፣ ማለትም 512 ቢት ስለሆነ፣ ወሬው በ51.2 ማይክሮ ሴኮንድ አካባቢ ደርሶ መልስ መጨረስ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ኬብሉ ይመስላችኋል? በኢተርኔት ደንብ፣ በ802.3፣ የስሌት ሠንጠረዥ ላይ መሃል ላይ ላለ አንድ የ10ቤዝ-ቲ ሴግመንት፣ ለሃቡና ለመግቢያ መውጫ ሰርኪቶቹ 42 ቢት ይያዛል። ለ100 ሜትሩ ኬብል ደርሶ መልስ የሚያዘው 11.3 ቢት ብቻ ነው። ጊዜው የሚያልቀው ምቱን በመያዝ፣ በማቆያዋ ውስጥ በመጠበቅና ፕሪአምብሉን በማደስ ነው። የባክፕሌኑ ሽቦ ድርሻ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። በሁለት ፍሬሞች መካከል 96 ቢት ክፍተት መኖር አለበት። የመጀመሪያው ፍሬም ሃቡ ላይ ሲደርስ ብዙ የፕሪአምብል ቢት ከጠፋበት፣ ሃቡ የጎደለውን ሲሞላ ፍሬሙ ይዘገያል። ተከታዩ ጥቂት ብቻ ከጠፋበት ያን ያህል አይዘገይም። እንግዲህ ፊተኛው ሲዘገይ ኋለኛው ይጠጋዋል፤ ክፍተቱ ይጠባል። በአንድ ሃብ ብዙ አይደለም፣ ግን ይጠራቀማል። በአንድ መንገድ ላይ የሚፈቀደው መጥበብ 49 ቢት ነው።

የሚደራረቡ ሃቦች ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሃቦችን በተራ ፖርታቸው ብታያይዟቸው ሲግናሉ እንደገና ማንቸስተር ሆኖ፣ እንደገና ምቱ ተይዞ፣ እንደገና ፕሪአምብሉ ታድሶ ያልፋል፤ ሁለት ሃብ ተብሎ ይቆጠራል። በኋላ በኩል ባለው የማያያዣ ኬብል ብታያይዟቸው ግን የሚራዘመው ባክፕሌኑ ራሱ ነው። ዳታው፣ ክሎኩና የግጭት መስመሩ ሳይለወጡ ወደ ጎረቤት ሳጥን ይሻገራሉ፤ አምስቱ ሳጥን አንድ ሃብ ነው። ያ ኬብል አጭር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ቢት ሁሉንም ሳጥን በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት።

ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ከውጭ የተበላሸ ኬብል ቢመጣ ሃቡ ራሱን ይጠብቃል፤ አንድ ፖርት ከ30 በላይ ተከታታይ ግጭት ካመጣ ያን ፖርት ነጥሎ ሌሎቹን ያሠራል፤ በፖርቱ ፍሬም በደህና ሲያልፍ ደግሞ መልሶ ያስገባዋል። ውስጥ ያለ ካርድ ተበላሽቶ የጋራውን መስመር ወደ ታች ይዞ ቢቀር ግን በዚያ መስመር ላይ ያለው ሁሉ ይቆማል። መፍትሔው ካርዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መፈለግ ነው።

በ1995 ፈጣኑ ኢተርኔት፣ 100 ሜጋ ቢት፣ መጣ። ቢቱ 10 ናኖ ሴኮንድ፣ በቦርድ ላይ ሜትር ተኩል ሆነ። ግማሽ ሜትር ባክፕሌን የቢት አንድ ሦስተኛ ነው፤ አሁንም ይቻላል፣ ግን ማንም እንደ ዜሮ ሊቆጥረው አይችልም። 512 ቢቱ ወደ 5.12 ማይክሮ ሴኮንድ ስለወረደ የሃብ ቁጥርም ወረደ። አንደኛ ክፍል የተባለው ሃብ አንድ ብቻ ይፈቀዳል፤ ሁለተኛ ክፍል የተባለው ፈጣን ስለሆነ ሁለት ይፈቀዳሉ፤ ለዚያውም በመካከላቸው 5 ሜትር ኬብል ብቻ፣ ከጫፍ ጫፍ 205 ሜትር። ጊጋ ቢት ላይ ሲደረስ ቢቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ደንቡ የጋራ መስመርን ለማትረፍ ትንሹን የመላኪያ ጊዜ ወደ 512 ባይት አስረዘመው፤ ነገር ግን ዓለም በሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ወደሚያነጋግረው ስዊች ዞሮ ነበር።

ባክፕሌን ግን አልሞተም። በ2007 የወጣው 802.3ኤፒ ኢተርኔትን ለባክፕሌን ብቻ የደነገገ ነው፤ 1 ሜትር የቦርድ መስመርና ሁለት ኮኔክተር። በአንድ ጥንድ መስመር 10 ጊጋ ቢት በሚልከው 10ጂቤዝ-ኬአር የእያንዳንዱ ቢት ዕድሜ 97 ፒኮ ሴኮንድ ነው፤ በቦርድ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። ያቺ 1 ሜትር መስመር በአንድ ቅጽበት ወደ 70 ቢት ትሸከማለች፤ ከጥንቱ 500 ሜትር ኬብል ሦስት እጥፍ ይበልጣል። አሁን ባክፕሌን ላይ እውነተኛ ጉዞ አለ። የጋራ ገመድ የሚባለው አሠራር ፈጽሞ አይቻልም፤ ከመስመሩ የሚገነጠል እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሲግናሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ከየካርዱ እስከ መሃለኛው የስዊች ካርድ የየራሱ ጥንድ መስመር ይዘረጋል። የቦርዱን ንብርብሮች የሚያገናኘው ቀዳዳ ትርፍ ጭራ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ፣ ስለሚያውክ ከጀርባ ተቦርቡሮ ይወጣል። ሁለቱ ጫፎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይለማመዳሉ፤ ተቀባዩ "ይህን ከፍ አድርግ፣ ያን ዝቅ አድርግ" እያለ የላኪውን ሲግናል ለዚያ መስመር እንዲመች ያስተካክለዋል።

አሮጌ የ10 ሜጋ ቢት ሃብና ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ለውጥ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ያላችሁ ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንዱን ቻናል በሚገባው ጥንድ ላይ፣ ሁለቱን በሁለት የተለያዩ ፖርቶች መውጫ ላይ አድርጉ። ሲግናሉ የልዩነት ቮልቴጅ ስለሆነ ለዚያ የሚሆን ፕሮብ ተጠቀሙ፤ ከሌለ በሁለት ፕሮብ ለክታችሁ አቀናንሱ። ሁለቱ መውጫዎች ላይ ፕሪአምብሉ በጥቂት ናኖ ሴኮንድ ልዩነት ሲነሳ ታያላችሁ፤ ከመግቢያው ግን በመቶዎች ናኖ ሴኮንድ ይዘገያሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ፖርት ትታችሁ ከሌሎቹ በጣም የሚርቀውን ፖርት ለኩ፤ መዘግየቱ ያው ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።